ተራራ መውጣት ያዋጣል? ሒሳቡን የሚከፍለውስ ማን ነው?

ጁላይ 14 ቀን 1865 ሰባት ሰዎች በስዊዘርላንድና በጣሊያን ድንበር ላይ የቆመውን የማተርሆርንን ጫፍ ረገጡ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ከዚያ ቀን በፊት እዚያ ጫፍ ላይ የቆመ ሰው አልነበረም። ከሰባቱ ግን በሕይወት ወደ ዜርማት መንደር የተመለሱት ሦስቱ ብቻ ናቸው።

አደጋው የደረሰው ሲወርዱ ነው። ብዙም ልምድ ያልነበረው የ19 ዓመቱ እንግሊዛዊ ዳግላስ ሃዶ እግሩ ከዳውና ከፊቱ የነበረውን መንገድ መሪ ይዞት ወደቀ። ሁሉም በገመድ ተያይዘው ስለነበር ሌሎች ሁለት ሰዎችም ተከትለው ተጎተቱ። ገመዱ ከአራተኛው ሰው በኋላ ተበጠሰ። አራቱ ገደል ገቡ፤ ሦስቱ ከላይ ቀሩ።

ከሟቾቹ አንዱ የ18 ዓመቱ ሎርድ ፍራንሲስ ዳግላስ ነበር። የመኳንንት ልጅ ሞቷልና ለንደን ታመሰች። ታይምስ ጋዜጣ የእንግሊዝ ልጆች ደም ለዚህ መፍሰሱን በርዕሰ አንቀጹ አጥብቆ ነቀፈ። ከዓመታት በኋላ ሌሎች አደጋዎች ሲደጋገሙ ንግሥት ቪክቶሪያ ራሷ ነገሩን በይፋ ማውገዝ ይገባት እንደሆነ ጠቅላይ ሚኒስትሩን ግላድስተንን አማከረች። «ተራራ መውጣት ነፍስን ያህል ነገር ለአደጋ መስጠት ያዋጣል ወይ?» የሚለው ክርክር በአደባባይ የደራው ያኔ ነው። እስከ ዛሬም አላባራም።

በዚያ ክርክር ውስጥ ግን አንድ ሰው ተረስቷል። ሃዶ ሲንሸራተት ይዞት የወደቀው መንገድ መሪ ሚሼል ክሮ ይባላል። የሻሞኒ ሰው ነው። ተራራው ላይ የተገኘው እንጀራው ስለሆነ፣ ተቀጥሮ ነው። በሕይወት ከተረፉት ሁለቱም የዜርማት መንገድ መሪዎች፣ አባትና ልጅ ነበሩ። አባትየው ፒተር ታውግዋልደር «ራሱን ለማዳን ገመዱን ቆረጠው» የሚል ሐሜት ተነዛበት። ምርመራው ነጻ ቢያወጣውም ሐሜቱ ዕድሜ ልኩን አልለቀቀውም። ሎርዱ ሲሞት አገር አለቀሰ፤ ተቀጣሪው ሲተርፍ ተጠረጠረ።

«ያዋጣል ወይ?» የሚለው ጥያቄ ሲወለድ ጀምሮ ጎዶሎ የሆነው እዚህ ላይ ነው። የተጠየቀው ለከፋዩ እንጂ ለተከፋዩ አልነበረም።

*

ጥያቄው ወደ ሂማላያ ሲሻገር ጉድለቱም አብሮ ተሻገረ።

በ1923 አንድ የአሜሪካ ጋዜጠኛ ጆርጅ ማሎሪን ኤቨረስትን ለምን መውጣት እንደፈለገ ጠየቀው። «ስላለ ነዋ» አለ ማሎሪ። መልሷ አጭር ናት፤ ተራራ ወጪዎች ከመቶ ዓመት በላይ እንደ መፈክር ሲቀባበሏት ኖረዋል። ማሎሪ ይህን ሲናገር ግን በኤቨረስት ላይ ሰው ካለቀ ገና ዓመት አልሞላም ነበር።

ጁን 7 ቀን 1922 የእንግሊዝ ቡድን ለሦስተኛ ጊዜ ሙከራ ሊያደርግ ተነሣ። በቀደሙት ቀናት ብዙ በረዶ ወርዷል። ዝናቡም ደርሷል። ማሎሪና ሁለት ጓደኞቹ 14 ተሸካሚዎችን አስከትለው ቁልቁለቱን ሲወጡ የበረዶ ናዳ ተለቀቀ። ሰባት ሰዎች ሞቱ። ሰባቱም ተሸካሚዎች ነበሩ። ከእንግሊዛውያኑ አንድም ሰው አልሞተም።

ማሎሪ ክፉ ሰው አልነበረም። ጥፋቱን በራሱ ላይ ወስዶ ተጸጽቷል። አብሮት የነበረው ሐኪሙ ሃዋርድ ሶመርቬልም ከሟቾቹ መካከል አንድ እንግሊዛዊ እንኳ አለመኖሩ ሲያንገበግበው ኖሯል። ጸጸቱ ግን ጉዞውን አላስቆመም። ከሁለት ዓመት በኋላ ማሎሪ ተመልሶ ሄደ። በጁን 1924 ከ22 ዓመቱ አንድሩ ኧርቪን ጋር ወደ ጫፉ ሲያቀና ደመና ዋጠው። አስከሬኑ የተገኘው ከ75 ዓመት በኋላ፣ በ1999 ነው። ሚስቱንና ሦስት ልጆቹን ትቶ ሞተ።

ማሎሪ በዚያ ቀን ጫፉን ረግጦት ይሆን? ይህ ዛሬም ያከራክራል። መጻሕፍት ተጽፈውበታል፤ ፊልም ተሠርቶበታል፤ ፈላጊ ቡድኖች ተልከውበታል። በ1922 ናዳ ስለበላቸው ሰባት ሰዎች የሚከራከር ግን የለም። ስማቸውን የሚያውቅ ስንት ነው?

*

ኤቨረስትን ሸርፓዎች ቾሞሉንግማ ይሉታል። ለእነሱ የተቀደሰ ስፍራ ነው። አውሮፓውያን ከመምጣታቸው በፊት ጫፉን ለመርገጥ የመውጣት ልማድ አልነበራቸውም። ወደ ተራራው የወሰዳቸው ደመወዝ ነው። ብዙዎቹ ከመንደራቸው ተነሥተው ሕንድ ውስጥ ወዳለችው ዳርጂሊንግ ሄደው ጉዞ አዘጋጆች እስኪቀጥሯቸው ይጠብቁ ነበር። ቴንዚንግ ኖርጋይም የሄደው እንዲሁ ሥራ ፍለጋ ነው።

ሜይ 29 ቀን 1953 ቴንዚንግና የኒውዚላንዱ ኤድመንድ ሂላሪ ለመጀመሪያ ጊዜ ጫፉን ረገጡ። ከኋላቸው ከ350 በላይ ተሸካሚዎች ዕቃ ያጓጓዙለት ትልቅ ዘመቻ ነበር። ሂላሪ «ሰር» ተባለ። ቴንዚንግ ሜዳሊያ ተሰጠው። ሁለቱ በአንድ ገመድ ታስረው የወጡት ተራራ ሲወርዱ ሁለት ዓይነት ማዕረግ ሰጣቸው።

ቴንዚንግ ልጆቹ የእሱን መንገድ እንዲከተሉ አልፈለገም። እሱ ተራራ የወጣው ልጆቹ እንዳይወጡ፣ ተምረው ሌላ ኑሮ እንዲኖሩ ነው። ልጁ ጃምሊንግ ግን በ1996 የአባቱን ፈለግ ተከትሎ ጫፉ ላይ ደረሰ። በዚያው ወር በአንድ ማዕበል ብቻ ስምንት ሰዎች ኤቨረስት ላይ ሞተዋል። ከዓለም ዝነኛው ተራራ ወጪ ስለ ሥራው ለልጁ የሚመኘው ይህ ከሆነ፣ ስለ ዋጋው ከእሱ በላይ ማን ሊመሰክር ይችላል?

*

ዛሬ ኤቨረስት ገበያ ነው። ኔፓል ከ2025 መስከረም ጀምሮ ለአንድ የውጭ አገር ሰው የፈቃድ ክፍያውን ከ11,000 ወደ 15,000 ዶላር አሳድጋለች። የአስጎብኚ ድርጅት፣ የኦክስጅንና የምግብ ወጪ ሲጨመርበት ጠቅላላው ሒሳብ በአሥር ሺዎች ዶላር ይቆጠራል። ከ8,000 ሜትር በላይ አንድ ሰው በአንድ ትንፋሽ የሚያገኘው ኦክስጅን በባሕር ጠለል ላይ ከሚያገኘው አንድ ሦስተኛው ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ የሚከፈለው ገንዘብ በዋናነት የሚገዛው የሌላ ሰው ጉልበት ነው።

በኔፓል በኩል ለሚወጣ ሰው መንገዱ ኩምቡ በተባለው፣ በተሰነጣጠቀና በየቀኑ በሚንቀሳቀስ የበረዶ ክምር ውስጥ ያልፋል። መሰላሉንና ገመዱን የሚዘረጉት ሸርፓዎች ናቸው። ደንበኛው ጥቂት ጊዜ ብቻ ያልፍበታል። ሸርፓው ግን ድንኳኑን፣ ምግቡንና የኦክስጅን ሲሊንደሩን ተሸክሞ በወቅቱ ውስጥ ደጋግሞ ይመላለስበታል። ሁለቱ የወጡት አንድ ተራራ ቢሆንም የተሸከሙት አደጋ እኩል አይደለም።

ኤፕሪል 18 ቀን 2014 ማለዳ እዚያ ላይ ግዙፍ በረዶ ተንዶ 16 ሰዎች ሞቱ። ሁሉም ኔፓላውያን ነበሩ። ሁሉም ሥራ ላይ ነበሩ። መንግሥት በመጀመሪያ ለሟች ቤተሰብ እንዲሰጥ የወሰነው 40,000 የኔፓል ሩፒ፣ ማለትም 400 ዶላር ገደማ ነበር። ሸርፓዎቹ ተቆጡ። «በሰው ቁስል እንጨት ስደድበት» ማለት ይኼ ነው። ሥራ አቁመው ወረዱ፤ የዚያ ዓመት የኔፓል በኩል ወቅትም በዚያው ተበተነ። የግዴታ የሕይወት ኢንሹራንሱ ከፍ የተደረገው ከዚህ በኋላ ነው። 92 ዓመት ሙሉ ጸጸት ያላመጣውን ለውጥ አንድ አድማ አመጣው።

*

ለተቃራኒው ወገንም ጆሮ መስጠት ይገባል። ማንም ሸርፓውን አላስገደደውም። አንድ ጎበዝ ሸርፓ በአንድ ወቅት የሚያገኘው ጥቂት ሺህ ዶላር ብዙ ኔፓላዊ በዓመት የማያየው ገንዘብ ነው። ሂላሪ ከ1960ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ በኩምቡ ትምህርት ቤትና ሆስፒታል አሠርቷል። ዛሬ ደንበኛ ከሚያወጡት ድርጅቶች ብዙዎቹ የሸርፓዎቹ የራሳቸው ናቸው። ካሚ ሪታ ሸርፓ በ2025 ለ31ኛ ጊዜ ኤቨረስት ጫፍ ላይ ቆሟል። ተራራው ባይኖር ይህ ሁሉ አይኖርም ነበር።

ክርክሩ እውነት አለው። ግን «ማን አስገደደው?» የሚለው ቃል ለኢትዮጵያዊ አንባቢ አዲስ አይደለም። ወደ ዓረብ አገር ስለሄደች ልጅም ይኸው ይባላል። ኔፓልም እንደ ኢትዮጵያ ልጆቿን ወደ ባሕረ ሰላጤው አገሮች በብዛት የምትልክ አገር ናት። አንድ ወጣት የሚመርጠው በዶሃ የግንባታ ሥራና በኩምቡ በረዶ መካከል ከሆነ መርጧል ማለት ይቻላል። ምርጫው ግን የአሠሪውን ኃላፊነት አያነሣለትም።

ሌላ ዓይነት ተራራ መውጣትም አለ። ጃንዋሪ 16 ቀን 2021 አሥር ኔፓላውያን በዓለም ሁለተኛ የሆነውን ኬ2ን በክረምት ለመጀመሪያ ጊዜ ወጡ። ከጫፉ በታች ተጠባብቀው እኩል ረገጡት። እዚያ ላይ አደጋውን የተሸከመውም ክብሩን የወሰደውም አንድ ነው። ያዋጣል አያዋጣም የሚለው የእነሱ ጉዳይ ነበር፤ ራሳቸው መለሱት።

እንግዲህ መልሱም ከዚህ ይወጣል። አንድ ሰው የራሱን ነፍስ ለራሱ ሕልም ቢያስይዝ ቤተሰቡ ይጠይቀው እንጂ ሌላው ሊፈርድበት አይችልም። የሌላውን ነፍስ ተከራይቶ የሚወጣ ግን ጥያቄው ይለወጥበታል። ተሸካሚው «ዛሬ በረዶው ያስፈራል፣ አልወጣም» ቢል ደመወዙ ይከፈለዋል? ቢሞት ልጆቹ ይማራሉ? ስሙ ይጻፋል? ለእነዚህ ሦስቱ መልሱ «አይ» ከሆነ ጫፉ ምንም ያህል ቢያምር አያዋጣም።

በ1865 የተበጠሰው ገመድ ዛሬ ዜርማት በሚገኝ ሙዚየም ውስጥ ይታያል። ሎርዱም መንገድ መሪውም የታሰሩት በአንድ መስመር ነበር፤ ሲወድቁም አብረው ወደቁ። ከዚያ በኋላ የተደረገው ሐዘን ግን ለያያቸው።