የቫይረሱን መቀስ የያዙ መድኃኒቶች

በዛሬው ዝግጅታችን ሄፓታይተስ ሲ ስለሚባለው የጉበት በሽታና መድኃኒቱን ለማግኘት ስለተደረገው ረጅም ጥረት እናወጋችኋለን።

ብዙዎቻችን የጉበትን ሕመም የምናውቀው ዓይን ቢጫ ሲሆን፣ «የወፍ በሽታ» በሚለው ስሙ ነው። ሄፓታይተስ ሲ ግን ብዙውን ጊዜ ምልክት ሳያሳይ ለሃያና ለሠላሳ ዓመታት ጉበትን ሲጎዳ ይቆያል። ሕመሙ ሲገለጥ ጉበቱ ጠባሳ ለብሶ ወይም ካንሰር ይዞት ሊገኝ ይችላል። ቫይረሱ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1989 ሲሆን፣ ለዚህ ግኝት የደከሙት ሃርቬይ ኦልተር፣ ማይክል ሃውተንና ቻርልስ ራይስ በ2020 የኖቤል ሽልማት ተጋርተዋል።

ቀድሞ የነበረው ሕክምና ኢንተርፌሮን የተባለ መርፌና ሪባቫይሪን የተባለ ክኒን ነበር። ሕመምተኛው እስከ 48 ሳምንታት ድረስ ትኩሳቱን፣ ድካሙንና ድብርቱን ችሎ መታከም ነበረበት። ያን ሁሉ ታግሦም ዓይነት 1 በሚባለው ቫይረስ ከተያዙት መካከል የሚድኑት ከግማሽ አይበልጡም ነበር።

ስለዚህ ተመራማሪዎች የቫይረሱን አሠራር መረመሩ። ቫይረሱ ጉበት ውስጥ ሲራባ ፕሮቲኖቹን በየተራ አይሠራም፤ 3,000 ያህል አሚኖ አሲዶች ያሉት አንድ ረጅም ሰንሰለት አድርጎ ያወጣቸዋል። ልብስ ሰፊ ጣቃውን ካልቆረጠ ቀሚስ እንደማይወጣው ሁሉ፣ ይህም ሰንሰለት ካልተቆራረጠ ለቫይረሱ አይረባውም። ከመቀሶቹ ዋነኛው ፕሮቲየዝ ይባላል። እርሱን የሚይዝ መድኃኒት ከተገኘ ቫይረሱ መራባት ያቅተዋል ማለት ነው። ችግሩ በ1996 የመቀሱ ቅርጽ ሲታወቅ መድኃኒቱ የሚያርፍበት ቦታ ጥልቀት የሌለው ሆኖ መገኘቱ ነበር። ለስላሳ ግድግዳ ላይ እጅ መያዣ እንደ መፈለግ ነበር።

በካናዳ የነበሩ የቦህሪንገር ኢንግልሃይም ኩባንያ ተመራማሪዎች ግን አላቆሙም። የሠሩት ሲሉፕሪቪር የተባለ መድኃኒት ለሁለት ቀናት ብቻ ተሰጥቶ የቫይረሱን መጠን እጅግ እንደቀነሰ በ2003 ተነገረ። ደስታው አልዘለቀም፤ መድኃኒቱ በብዛት በተሰጣቸው ዝንጀሮዎች ልብ ላይ ጉዳት በመታየቱ ሥራው ቆመ። ይሁን እንጂ ድካሙ ከንቱ አልቀረም፤ መቀሱ ሊያዝ እንደሚችል በሰው ላይ አረጋግጧልና።

በግንቦት 2011 እ.ኤ.አ. ቦሴፕሪቪርና ቴላፕሪቪር በአሜሪካ ተፈቀዱ። ከመርፌው ጋር ተደርበው ሲሰጡ የሚድነው ሰው ቁጥር ከግማሽ በታች ከነበረበት ወደ ሁለት ሦስተኛና ከዚያም በላይ ከፍ አለ። ቢሆንም ደም ማነስና የቆዳ ሽፍታ ያስከትሉ ነበር። ለብቻቸው ቢወሰዱ ደግሞ ቫይረሱ ፈጥኖ ይላመዳቸዋል። በተሻሉ መድኃኒቶች ተተክተው ሁለቱም በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከገበያ ወጡ። በ2017 የተፈቀደው፣ የመቀስ መያዣውን ግሌካፕሪቪርን ፒብረንታስቪር ከተባለው ጋር ያጣመረው ክኒን ያለ መርፌ ይወሰዳል። ጉበታቸው ጠባሳ ያልያዘና ከዚህ ቀደም ያልታከሙ አብዛኞቹ ሰዎች በ8 ሳምንታት ይድኑበታል።

የ2011ዎቹ መድኃኒቶች የተሠሩት በዋናነት ለዓይነት 1 ነበር። በግብፅ የሚበዛው ግን ዓይነት 4 ነው፤ በአገራችን በተደረጉ ጥናቶችም ይኸው ጎልቶ ታይቷል። ግብፅ ከ1950ዎቹ እስከ 1980ዎቹ ለቢልሃርዝያ ሕክምና በደንብ ባልተቀቀለ መርፌ ሕዝቧን ስትወጋ ቫይረሱ ተዛመተ። በ2014 መንግሥቷ ተደራድሮ፣ በአሜሪካ 84,000 ዶላር ይሸጥ የነበረውን የሶፎስቡቪር የ12 ሳምንት ሕክምና በ900 ዶላር አገኘ። ይህኛው መድኃኒት መቀሱን አይይዝም፤ ቫይረሱ ራሱን የሚቀዳበትን መሣሪያ ያግዳል። በ2018 እና በ2019 ወደ 50 ሚሊዮን የሚጠጉ ሰዎች ተመረመሩ። በ2023 ደግሞ የዓለም ጤና ድርጅት ግብፅ በሽታውን ለማጥፋት ያደረገችውን ጉዞ በይፋ መሰከረላት።

ውድ ወገኖቻችን፣ ያለ መድኃኒት ዘመን የተወለደው ፍርሃት ግን እስካሁን በየቤታችን አለ። «ጉበት ከሆነማ አለቀ» እያለ ከምርመራ የሚሸሽ ዘመድ አለን። አላለቀም! በአንድ ትሪ አብሮ መብላት ሄፓታይተስ ሲን አያስተላልፍም፤ ምላጭና መርፌ መዋዋስ ግን ያስተላልፋል። ክትባት እስካሁን የለውምና እንጠንቀቅ፣ እንመርመር። ለተመረመረ ሰው መዳኛ አለው፤ አላህ ሽፋውን ይስጠን።