እንሶስላና ማኅተም፤ ወላይታ ሶዶን በማሰብ ስለ ጥፍር ጌጥ ታሪክ የቀረበ ጥናት

የአንድን ሕዝብ ጌጣጌጥ ለማጥናት የሚነሣ ሰው አስቀድሞ የሚመለከተው በቤተ መዘክር ተሰብስቦ የሚገኘውን ነው። አምባሩ፥ ድሪው፥ የተሸመነው ልብስና የሸክላው ዕቃ ከባለቤታቸው ዕድሜ በላይ ስለሚኖሩ ለታሪክ ጸሐፊ ምስክር ይሆኑለታል። የጥፍር ጌጥ ግን እንዲህ አይደለም። ጥፍር ያድጋል፥ ይቈረጣል፥ ይጣላል፤ በላዩ የነበረውም ቀለም አብሮት ይጠፋል። ስለዚህ ብዙ ሴቶች በየሠርጉና በየበዓሉ ያጌጡበት ነገር በጽሑፍም በዕቃም የተወው ምልክት እጅግ ጥቂት ነው። በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው ከእንሶስላ አንሥቶ ዛሬ በየቤቱ በማኅተም እስከሚታተመው የጥፍር ሥዕል ድረስ ያለውን መንገድ ነው። የምናቀርበውም አሳብ አንድ ነው፤ የጥፍር ጌጥ ታሪክ ከእጅ ሥራ ታሪክ ተለይቶ ሊጻፍ አይችልም።

እንሶስላ በኢትዮጵያ ደጋና ወይና ደጋ፥ ጥላና እርጥበት ባለበት፥ በተለይም በወንዝ ዳር የሚበቅል ተክል ነው። አበባው ነጭ ሆኖ መልካም ሽታ አለው፤ ቀለሙ የሚገኘው ግን ከመሬት በታች ካለው ወፍራም ሥሩ ነው። ፈረንሳዊው የዕፀዋት ሊቅ አሺል ሪሻር ከ1847 እስከ 1851 በአውሮፓ አቈጣጠር ባሳተመው የሐበሻ ዕፀዋት መጽሐፍ ለዚህ ተክል «ኢምፓቲየንስ ቲንክቶሪያ» የሚል የላቲን ስም ሰጠው። የመጀመሪያው ቃል «ትዕግሥት የሌላት» ማለት ነው፤ የበሰለው ፍሬ ሲነካ ወዲያው ፈንድቶ ዘሩን ስለሚረጭ ነው። ሁለተኛው ቃል ደግሞ «ለማቅለሚያ የምትሆን» ማለት ነው። ሪሻር የሠራው ካርተን ዲሎንና ፔቲ የተባሉት መንገደኞች ከአገራችን በሰበሰቡት ዕፀዋት ነበር፤ ሁለቱም በ1840ዎቹ መጀመሪያ ገደማ በዚሁ በሥራቸው ላይ ሳሉ ሞተዋል። በደረቀ ቅጠል ላይ የእጅ ቀለም አይታይምና፥ ይህ ስም የሴቶችን ልማድ ያየ ወይም የሰማ ሰው ለሊቁ እንደ ነገረው ያመለክታል። የእንሶስላ ልማድ ከተወልን የጽሑፍ ምስክሮች አንዱ እንግዲህ ይህ የተክል ስም ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ሥሩ ተቈፍሮ ይወጣል፥ ይታጠባል፥ ይላጣል፤ ከዚያም ተወቅጦ ወይም ተፍቆ እንደ ሊጥ ይሆናል። በመዳፍ፥ በጣቶች ጫፍ፥ በጥፍርና በእግር ላይ ከተደረገ በኋላ በቅጠል ወይም በጨርቅ ተጠቅልሎ ያድራል። በነጋታው ሲፈታ የተገኘው ብርቱካንማ መልክ ቀስ በቀስ ወደ ቀይነት ይጠቍራል። በቋንቋችን «እንሶስላ ቀባች» ብቻ ሳይሆን «እንሶስላ ሞቀች» መባሉን ልብ ይሏል፤ ይኸው ግስ ለእሳትና ለፀሐይ የሚነገረው ነው። ምክንያቱን በኬሚስትሪ የመረመሩ ሰዎች እንደሚያስረዱት በእንሶስላ ወገን በሆኑ ዕፀዋት ውስጥ ሎሶን የተባለው ቀለምና ዘመዶቹ ይገኛሉ፤ ሎሶን ስሙን ያገኘው በሐረርና በሌሎችም አገሮች ከታወቀው ከሒና ተክል ነው። ይህ ቀለም ቈዳና ጥፍር ከተሠሩበት ንጥረ ነገር ጋር ይዋሐዳል እንጂ በላዩ እንደ ልባስ አይቀመጥም። ስለዚህ በውኃ አይለቅም፥ ተፍቆም አይወድቅም።

ከዚህ አንድ ነገር ይከተላል። የእጅ ጥፍር በወር 3 ሚሊሜትር ያህል ያድጋል፤ ከሥር እስከ ጫፍ ለመታደስም ስድስት ወር ገደማ ይወስዳል። በመስከረም በሚውለው በወላይታ የዘመን መለወጫ በጊፋታ ጥፍሯን ያቀለመች ሴት በኅዳር ከጥፍሯ ሥር ነጩን ክፍል ታያለች፤ በታኅሣሥ ቀለሙ ከጥፍሯ እኩሌታ በላይ ይወጣል፤ በመጋቢትም የመጨረሻውን ቀይ ጫፍ ትቈርጣለች። ለሙሽራም እንዲሁ ነው። የመዳፏ ቀለም በጥቂት ሳምንት ሲጠፋ የጥፍሯ ግን ከሠርጉ ወዲህ ስንት ወር እንዳለፈ ይቈጥራል።

አሁን ወደ ወላይታ እንመለስ። በ1887 ዓ.ም. የንጉሠ ነገሥት ምኒልክ ዘመቻ የካዎ ጦናን መንግሥት ከጣለ በኋላ፥ በዳሞታ ተራራ ግርጌ የተቈረቈረችው ሶዶ የልዩ ልዩ ሕዝቦች መገናኛ ሆነች። ከጦሩ ጋር የሄደው ፈረንሳዊው ነጋዴ ቫንደርሄም በ1896 በአውሮፓ አቈጣጠር ያሳተመው መጽሐፍ ስለዚያ ዘመቻ ካሉት ዋና ምስክሮች አንዱ ነው። ነገር ግን የዘመቻ መጽሐፍ የጦርነቱን ጥፋት፥ ምርኮኛውንና ከብቱን ይነግረናል እንጂ የሴቶችን እጅ ታሪክ ከእርሱ መፈለግ ከንቱ ነው። ይህን የሚነግረን ሥራቸው ነው።

የወላይታ ገበሬ ቤት በእንሰት ይኖራል። እንሰቱን የሚፍቁት፥ የሚያቦኩትና ለማብላላት የሚቀብሩት ሴቶች ናቸው። ለዚህም ሥራ የሚሆነው እጅ ቀኑን ሙሉ በእርጥበትና በሻካራ ነገር ውስጥ የሚውል ነው። ውኃ መቅዳትና እንጨት መስበር ሲጨመርበት በጥፍር ላይ የተለበጠ ማናቸውም ነገር ከሁለት ቀን በላይ አይቈይም። ለእንዲህ ያለ እጅ የሚስማማው በውስጥ የሚገባ ቀለም ነው። እንሶስላን ለሠራተኛ እጅ ተስማሚ ያደረገው እንግዲህ ውበቱ ብቻ አይደለም፤ ሥራን መቻሉም ነው። ከዚህም ሌላ እጇ ተጠቅልሎ የሚያድር ሴት በዚያች ሌሊት ልትጋግር፥ ልትቀዳ፥ ልትፍቅም አትችልም፤ ሌላ ሰው ያጐርሳታል። ጌጡ ዕረፍትንም ይዞ ይመጣል ማለት ነው።

ሁለተኛው ምዕራፍ የሚጀምረው በፋብሪካ ነው። ለባሩድ ከሚሠራው ጥጥ የሚገኘው ኒትሮሴሉሎስ በሚተንን ፈሳሽ ሟሙቶ ሲቀባ፥ ፈሳሹ በንኖ የሚያብለጨልጭ ስስ ልባስ ይተዋል። የዛሬው የጥፍር ቀለም መሠረቱ ይህ ነው። ኩቴክስ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በ1917 በአውሮፓ አቈጣጠር ገደማ ፈሳሽ የጥፍር ቀለም ለገበያ አቀረበ፤ በ1932 የተቋቋመው ሬቭሎን ደግሞ ሥራውን የጀመረው በጥፍር ቀለም ነበር። ይህ ቀለም በአሴቶን ይለቃል፥ በሥራ ብዛት ይሰነጠቃል፥ ወርም አይቈጥርም። ስለዚህ የሚስማማው በቢሮ፥ በትምህርት ቤትና በሱቅ ለሚውል እጅ ነው። ሶዶ በ1999 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲ የተከፈተባት፥ ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህም የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል መንግሥት መቀመጫ የሆነች ከተማ ናት። እንዲህ ያለ እጅ በእርሷ እየበዛ መሄዱ የሚያስደንቅ አይደለም።

በዚህ ልባስ ላይ ሥዕል የማተም ብልሃት ሦስተኛው ምዕራፍ ነው። ማተም ለአገራችን አዲስ ነገር አይደለም፤ ደብዳቤን በማኅተም ማጽናትም መጽሐፍን በማተሚያ ማውጣትም በአንድ ግስ ይነገራሉ። የብራና መጻሕፍት ደጓሾችም በጋሉ ትናንሽ ብረቶች ቈዳውን እየጫኑ መስቀልና ሐረግ ያሳርፉበት ነበር። የጥፍሩ ማኅተም የቅርብ ወላጅ ግን ሌላ ነው። የስዊስ የሰዓት ሠሪዎች በሰዓት ገጽ ላይ ቍጥር ለማሳረፍ፥ በተቀረጸ ሰሌዳ ላይ ያለውን ቀለም በለስላሳ ጄላቲን እያነሡ ያትሙ ነበር፤ በኋላ ጄላቲኑ በሲሊኮን ተተካ። የጥፍር ማኅተም የሚሠራው በዚሁ ሕግ ነው።

በቤት ሲሠራ ሥርዓቱ እንዲህ ነው። አስቀድሞ ጥፍሩ በአንድ መልክ ቀለም ተቀብቶ ፈጽሞ ይደርቃል። ሥዕሉ በተቀረጸበት የብረት ሰሌዳ ላይ ወፈር ያለ ቀለም ይፈስሳል፤ የተረፈው በአሮጌ የፕላስቲክ ካርድ ጠርዝ ዘንበል ተደርጎ ይጠረጋል፤ ቀለሙም በተቀረጸው ውስጥ ብቻ ይቀራል። ከዚያ የሲሊኮኑ ማኅተም በሰሌዳው ላይ ቀስ ብሎ ይንከባለልና ሥዕሉን ያነሣል፥ ወዲያውም በጥፍሩ ላይ ይንከባለላል። ይህ ሁሉ በጥቂት ሰከንድ መፈጸም አለበት፤ ቢዘገይ ቀለሙ ከሰሌዳው ሳይነሣ ይደርቃል። በመጨረሻ ብርሃናማ ልባስ ይደረብበታል። ቀለሙም አሴቶኑም በቀላሉ የሚቀጣጠሉ ስለ ሆኑ የቡና ከሰል ከሚነድበት ስፍራ መራቅና መስኮት መክፈት ግዴታ ነው።

እዚህ ላይ ሁለት ነገሮችን መለየት ያስፈልጋል። «ባዕድ ጌጥ የአገሩን ጌጥ አጠፋው» የሚለው ፍርድ ትክክል አይደለም። እንሶስላ ቀለም እንጂ የተዘጋጀ ሥዕል አይደለም፤ ማኅተሙ ሥዕል ነው፤ አንዱ የሌላውን ቦታ አልወሰደም። የተለወጠው የእጁ ሥራ ነው። በእውነት ልንጠይቀው የሚገባን ግን ሥዕሉን የሚቀርጸው ማን ነው የሚለው ነው። ሰሌዳው ከሩቅ አገር ተቀርጾ ሲመጣ የሚያትመው አበባ የሌላ ሰው ምርጫ ነው። ወላይታ ግን የራሱ ጥለት አለው፤ ቀይ፥ ቢጫና ጥቍር የተሰለፉበት ዱንጉዛ። ይህንንም ለማሳረፍ የብረት ሰሌዳ አያሻም። በለስላሳ ፕላስቲክ ላይ ሦስቱን ቀለማት በቀጫጭን መስመር ቀብቶ፥ ሲደርቅ ልጦ፥ በጥፍር ልክ ቈርጦ በእርጥብ ልባስ ላይ ማስቀመጥ ይቻላል። እንዲህ የምታደርግ ልጅ ሥዕሉን ራሷ መርጣለች ማለት ነው።

ሳይለወጥ የቀረም ነገር አለ። የተጠቀለለ እጅ ሌላ ሰው እንዲያጐርሰው ይሻል። ማኅተም የያዘችም ልጃገረድ የግራ እጇን ራሷ ታሳምራለች፤ ቀኟን ግን በግራዋ አጣርታ ማተም እጅግ ያስቸግራታልና እኅቷን ወይም ባልንጀራዋን ትጠራለች። ጌጡ በቤተ ሰብ መካከል የሚሠራ ሥራ ሆኖ የኖረው ስለዚህ ነው።

የዚህ ታሪክ ምንጭ በየመጋቢቱ የሚቈረጥ ነገር ስለ ሆነ፥ በቤተ መጻሕፍት ብቻ ተቀምጦ ሊጻፍ አይችልም። የዘመናችን ተማሪ ወደ እናቶቹና ወደ አያቶቹ ሄዶ፥ ሥሩ ከየትኛው ወንዝ ዳር እንደ ተቈፈረ፥ ማን እንደ ወቀጠው፥ ማን እንደ ጠቀለለው፥ በዚያች ሌሊት ማን እንዳጐረሳቸው ሊጠይቅ ይገባዋል። ታናሽ እኅቱንም ሰሌዳዋን ከማን እንዳገኘችና ቀኝ እጇን ማን እንደሚያትምላት ይጠይቃት። የሁለቱ መልስ በአንድ ገጽ ላይ ሲጻፍ የሴቶች እጅ ታሪክ ይጀመራል።