ያልተመዘገበ የቤት ሽያጭ ውልና የፍርድ ዕዳ፦ ቅድሚያ የማን ነው?

አንድ ሰው ቤት ገዝቶ፣ ገንዘቡን ከፍሎና ቁልፍ ተረክቦ ለዓመታት ሲኖርበት ስሙን ሳያዛውር ቆየ እንበል። ሻጩ በሌላ ዕዳ ተከሶ ተፈረደበት። የፍርድ ባለመብቱም ቤቱን በሻጩ ስም ተመዝግቦ ስላገኘው በአፈጻጸም ተከብሮ በሐራጅ እንዲሸጥለት ጠየቀ። ቤቱ ለማን ይሆናል?

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ሁለት ደረጃዎችን ይለያል። የመጀመሪያው ውሉ ነው። በአንቀጽ 1723 መሠረት የማይንቀሳቀስ ንብረት ባለቤትነትን የሚያስተላልፍ ውል በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ወይም ውል ለማዋዋል ሥልጣን በተሰጠው አካል ፊት መደረግ አለበት። ሁለተኛው የስም ዝውውር ነው። አንቀጽ 1185 ባለቤትነት እንዲተላለፍ በማይንቀሳቀስ ንብረት መዝገብ መጻፍን ይጠይቃል፤ አንቀጽ 2878ም በመዝገብ ያልተጻፈ ሽያጭ በሦስተኛ ወገኖች ላይ ውጤት እንደሌለው ይደነግጋል። ስለዚህ ውሉ ማኅተም አርፎበታል ብሎ ዝውውሩን ማዘግየት ገዥውን ለአደጋ ያጋልጣል።

የፍርድ ባለመብቱም ቢሆን ፍርድ በማግኘቱ ብቻ በቤቱ ላይ መብት አያገኝም። ፍርድ ቤት ለፍርዱ ማስፈጸሚያ የሚሰጠው የቤት መያዣ እንኳ፣ በአንቀጽ 3052 መሠረት፣ ውጤት የሚኖረው በመዝገብ ከተጻፈበት ቀን ጀምሮ ነው። ከሁለቱ ወገኖች ወደ መዝገብ የቀደመው የተሻለ ዋስትና አለው።

ቤቱ የተከበረበት ገዥ በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 418 መሠረት መቃወሚያውን ለአፈጻጸም ችሎቱ ማቅረብ ይችላል። ንብረቱ በተከበረበት ቀን መብት ወይም ይዞታ እንደነበረው በማስረጃ ማሳየት ይጠበቅበታል። ካልተሳካለት ሻጩን ከመጠየቅ የሚያግደው የለም፤ ይሁንና በዕዳ ከተያዘ ሰው ገንዘብ ማስመለስ አድካሚ ነው።

የገጠር መሬት ጉዳይ የተለየ ነው። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሠረት መሬት አይሸጥም፣ አይለወጥም። በሽማግሌ ፊት የተጻፈ የእርሻ መሬት ሽያጭም ገዥውን ባለመብት አያደርገውም።

ቤት የሚገዛ ሰው ክፍያ ከመፈጸሙ በፊት ከሚመለከተው ጽሕፈት ቤት ቤቱ ከዕዳና ከእገዳ ነጻ መሆኑን ያረጋግጥ፤ ውሉ በተፈረመ ማግስትም የስም ዝውውሩን ይጀምር። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል እንደሚባለው ሁሉ፣ ለቤት ግን ጽሑፉ በመዝገብ መስፈር አለበት።