የጣና ዳር ቀጥቃጮችና የጠመንጃ ጥገና

የጠመንጃው ጸደይ የተሰበረበት የጣና ዳር ሰው መድረሻው የቀጥቃጩ ወናፍ ነበር። ቀጥቃጩ የተሰበረውን ቁራጭ እንደ መለኪያ ይዞ ከአሮጌ ብረት አዲሱን ይቀጠቅጣል፤ ከዚያም በሞረድ እየሞረደ ከስፍራው ጋር ያስማማዋል። ከሁሉ የሚያስቸግረው የእሳቱ ልክ ነው። የጋለው ብረት ውኃ ውስጥ ተነክሮ ከጠነከረ በኋላ እንደገና በመጠኑ ካልሞቀ ይሰበራል፤ ከመጠን በላይ ከሞቀም ይለዝባል። ልኩ በብረቱ ቀለም ስለሚታወቅ ዕውቀቱ ከአባት ወደ ልጅ የሚተላለፈው በዓይንና በእጅ ነበር።

ከሐይቁ በስተምሥራቅ፣ በደብረ ታቦር አጠገብ፣ ዐፄ ቴዎድሮስ በጋፋት ያቋቋሙት የብረት ሥራ የአገሩን ሠራተኞች ከአውሮፓውያን ጋር አገናኝቷል። በ1859 ዓ.ም. 70 ኩንታል ገደማ የሚመዝነው «ሴባስቶፖል» እዚያ ተሠራ። መድፉ በታሪክ መጻሕፍት ስሙ ሲነሣ ይኖራል፤ ለባላገሩ ይበልጥ የጠቀመው ግን ያ ትንሹ ጸደይ ሳይሆን አይቀርም።

ሠሪው «ጠይብ»፣ «ቡዳ» እየተባለ ይሰደብ ነበር። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለሙያ እንዳይሰደብ ዐዋጅ ቢያስነግሩም ስድቡ አልቀረም። በ1955 ዓ.ም. የባሕር ዳር ፖሊቴክኒክ በሶቪየት ኅብረት ርዳታ ሲከፈት፣ የብረታ ብረት ሥራ በዚያው ሐይቅ ዳር የክፍል ትምህርት ሆነ።