የወሎ ወንበሮችና የ1965 ዓ.ም. ምርጫ

ስለ ምርጫ ታሪካችን ሲነሣ ነገሩን ከ1997 ዓ.ም. መጀመር ልማድ ሆኗል። የደሴና የኮምቦልቻ ሰው ግን ከዚያ አስቀድሞ በ1979 ዓ.ም. ለብሔራዊ ሸንጎ፣ በ1987 ዓ.ም. ደግሞ አንድ ወረዳ አንድ ተመራጭ በሚለው ሥርዐት ለተወካዮች ምክር ቤት ድምፅ ሰጥቷል። እኔ ዛሬ ከዚያም ወደ ኋላ ወደ ንጉሠ ነገሥቱ ዘመን እሄዳለሁ።

በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 93፣ አገሪቱ በተቻለ መጠን 200,000 ሕዝብ በሚይዙ የምርጫ ወረዳዎች እንድትከፈል ይደነግጋል። እያንዳንዱ ወረዳ ሁለት እንደራሴ ይልካል። ነዋሪው ከ30,000 የሚበልጥ ከተማ ግን ለብቻው አንድ ወንበር ያገኛል። እንግዲህ በገጠር 100,000 ሰው አንድ እንደራሴ ሲደርሰው፣ በከተማ ለ30,000 ሰው አንድ ይደርሳል ማለት ነው። በ1960ዎቹ ደሴ ይህን ልክ አልፋለች፤ ኮምቦልቻ ገና ትንሽ ከተማ ነበረች። በድንጋጌው መሠረት የሐረጎን ጠመዝማዛ ቁልቁለት የወረደ መራጭ የድምፁ ክብደት በሦስት እጥፍ ይቀልል ነበር!

በዚህ ላይ ፓርቲ የለም። ዕጩውም በወረዳው ንብረት ያለው እንዲሆን ይፈለጋል። ስለዚህ ጭሰኛው መምረጥ ቢፈቀድለትም መመረጡ የማይታሰብ ነበር። ያን ዘመን «ሁለት እንደራሴ ነበረን» እያሉ የሚያሞግሱ ወዳጆቼ ይህን ቢያስታውሱ መልካም ነው።

የመጨረሻው ምርጫ የተካሄደው በሰኔ 1965 ዓ.ም. ነው። በዚያ ወቅት የወሎ ገበሬ በረሃብ ይረግፍ ነበር። የዩኒቨርሲቲ መምህራን በሚያዝያ የረሃቡን ፎቶግራፎች ለዕይታ አቅርበው ነበር፤ መንግሥት ግን መሸሸጉን መረጠ። ሕጉ መራጩ በወረዳው ዘወትር የሚኖር እንዲሆን ይጠይቃል። ቀዬውን ለቅቆ፣ አውራ ጎዳናውን ተከትሎ ደሴ የደረሰ ረሃብተኛ የየትኛው ወረዳ ነዋሪ ይባል? እጅግ እንደራሴ በሚያስፈልገው ሰዓት ከመዝገቡ ወጥቷል። የወንበር አከፋፈል የሒሳብ ጉዳይ ብቻ አይደለም የምለው ለዚህ ነው።

የዚያ ምርጫ እንደራሴዎች የአራት ዓመት ዘመናቸውን አልጨረሱም። መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም.፣ በዘመን መለወጫ ምሽት፣ ቴሌቪዥን የጆናታን ዲምብልቢን የወሎ ረሃብ ፊልም ለሕዝብ አሳየ። በማግስቱ ደርግ ንጉሠ ነገሥቱን ከዙፋን አወረደ፤ ምክር ቤቱንም ዘጋ።