የበረዶ ወራት ጎማ ታሪክ

በፊንላንድ፣ ሐይቁ በብርድ ጸንቶ መንገደኛ በላዩ ሲመላለስበት በሚከርምበት ምድር፣ የጭነት መኪና ነጂ ቁርና አስሐትያ በበረታ ጊዜ የነበረው ምርጫ እስከ 1930ዎቹ ዓመታት ድረስ (ዘመኑን የምቈጥረው እንደ አውሮፓውያን ነው) እጅግ ጠባብ ነበረ፤ ወይ መኪናውን ማቆም፣ ወይም ጎማውን በሰንሰለት መጠምጠም። ይህን ሰንሰለት ሃሪ ዊድ የተባለ የኒው ዮርክ ግዛት ሰው በ1904 በፈጠራ መብት ካስመዘገበው ወዲህ በብዙ አገር ጠቅሟል፤ ነገር ግን በረዶው ሳስቶ ደረቁ መንገድ ብቅ ባለ ቍጥር የሚፈታ፣ ዳግመኛም የሚታሰር፣ ጎማውንም መንገዱንም የሚበላ መሣሪያ ነው።

በ1934 በኖኪያ ከተማ የነበረው የፊንላንድ የጎማ ፋብሪካ፣ ጥርሱ በአግድም የተቈረጠ፣ ለበረዶ መንገድ ታስቦ የተበጀ የጭነት መኪና ጎማ አወጣ፤ በዓለም የመጀመሪያው የበረዶ ጎማ ይኸው ነው ይባላል። በ1936ም ለቤት መኪና የሚሆነውን አስከትሎ፣ በሠላሳው ዓመት ጦርነት ዝናቸው በገነነው በፊንላንድ ፈረሰኞች ስም ሃካፔሊታ ብሎ ሰየመው። ጥበቡ ከባለጠጋው የሽርሽር መኪና ሳይሆን ዕቃ አድርሶ እንጀራውን ከሚያገኘው ሰው መጀመሩ ሊዘነጋ አይገባም።

ምሥጢሩ ጐንበስ ብሎ ጎማውን ለሚመረምር ሰው ግልጥ ነው። በጥርሱ መካከል የገባው በረዶ ተጠቅጥቆ ከምድሩ በረዶ ጋር ስለሚያያዝ፣ መኪናውን የሚይዘው ላስቲኩ ብቻ አይደለም፤ ደግሞም ተራው ላስቲክ ሙቀቱ ከ7 ዲግሪ ገደማ በታች ሲወርድ እየደረቀ መንገዱን መጨበጥ ስለሚሳነው፣ የበረዶው ጎማ በብርድ ልስላሴውን ከማያጣ ቅመም ይሠራል። ስለዚህ ነገሩን የሚያውቅ ነጂ ለዓይን የሚያምረውን ሰፊውን ትቶ፣ በረዶውን ሰንጥቆ ወደ ጠንካራው መሬት የሚደርሰውን ጠበብ ያለውን ይመርጣል፤ ቸርኬውንም፣ ፍሬኑን እስካልነካ ድረስ፣ አነስ ያደርገዋል። አራቱም ጎማዎች አንድ ዓይነት እንዲሆኑ ግድ ነው፤ የፊቱ ይዞ የኋላው ከተንሸራተተ መኪናው ፊቱን አዙሮ ይወጣልና።

ከ1960ዎቹ ጀምሮ በጥርሱ ላይ ጥቃቅን የብረት ችንካር የተተከለበት ጎማ በሰሜኑ አገር ተስፋፋ። ይህ በመስተዋት በረዶ ላይ ለሚሄደው ነጂ ታላቅ ረድኤት፣ ለአስፋልቱ ግን ጠንቅ ሆነ፤ የአሜሪካዋ ሚኒሶታም በ1971 ከለከለችው። ከሁሉ የከፋው በጃፓን የደረሰው ነው። በ1980ዎቹ በሰንዳይ ከተማ ችንካሩ ደረቁን አስፋልት እየፋቀ የሚያስነሣው ትቢያ ጎዳናውን ሸፍኖ የነዋሪውን እስትንፋስ ስላወከ፣ ሕዝቡ አቤቱታውን አበረታ፤ በ1990ም ችንካራሙን ጎማ የሚከለክል ሕግ ወጣ። የአንዱ ደኅንነት የሌላውን ሳንባ በመጉዳት እንዳይገኝ የፈረደ ሕግ ነውና፣ በእኔ አስተያየት ከማናቸውም ፋብሪካ ሥራ ይልቅ ክብር ይገባዋል።

ብሪጅስቶን የተባለው የጃፓን ኩባንያ በ1988 ብሊዛክ የሚባለውን፣ በላስቲኩ ውስጥ ባሉት ረቂቅ ቀዳዳዎች በበረዶው ላይ ያለውን ስስ ውሃ የሚያስወግድ፣ ችንካር የሌለው ጎማ አውጥቶ ነበርና፣ ነጂው ፈጽሞ ባዶ እጁን አልቀረም። ሆኖም በሰሜናዊቱ በሳፖሮ ችንካሩ ከጎዳናው ከጠፋ በኋላ፣ በረዶውን የሚቧጥጠው ስለሌለ መስቀለኛው መንገድ በጎማ ፍትጊያ እየተወለወለ እጅግ አንሸራታች ሆነ፤ ከተማይቱም መንገደኛው ራሱ እያነሣ የሚበትነው አሸዋ በሣጥን አድርጋ በመሻገሪያው ዳር አኖረች።