የሻላ ደሴትና የአብያታ ዓሣ

ከአዳማ ተነሥቶ በሞጆና በመቂ፣ ዛሬ ባቱ በተባለችውም በዝዋይ በኩል ወደ ሻሸመኔ የሚጓዝ ሰው፣ ቡልቡላን ካለፈ በኋላ በስተቀኙ የሚያገኛቸው ሁለት ሐይቆች ጎረቤታሞች ይሁኑ እንጂ ጠባያቸው ለየቅል ነው። ሻላ በእሳተ ገሞራ ጎድጓዳ ውስጥ የተኛ፣ ጥልቀቱ እስከ 266 ሜትር የሚደርስ ሲሆን፣ ውሃው ጨዋማ በመሆኑ ዓሣ እምብዛም አይገኝበትም። አብያታ በአንጻሩ ጥልቀት የሌለው ነው፤ ቢሆንም ከዝዋይ በቡልቡላ ወንዝ፣ ከላንጋኖም በሆራ ቀሎ የሚደርሰው ውሃ ቀድሞ ቆሮሶን በብዛት ያረባ ነበር።

ይህን ልዩነት ከሰው ቀድሞ የተጠቀመበት ፔሊካን የተባለው ትልቅ ነጭ ወፍ ነው። ጫጩቶቹን አውሬ በማይደርስባት በሻላ ደሴት ይፈለፍላል፤ ቀለባቸውን ግን ከአብያታ ያመላልስ ነበር። ፀሐይ ምድሩን እስክታሞቅ ይጠብቅና፣ ወደ ላይ በሚነሣው ሞቃት አየር እየተንሳፈፈ በሐይቆቹ መካከል ያለውን ከፍታ ይሻገራል። ሌስሊ ብራውንና ኤሚል ኧርባን እ.ኤ.አ. በ1969 ያሳተሙት ጥናት የዚህን ወፍ አረባብ ለውጭው ዓለም በሰፊው አስታወቀ። በ1960ዎቹም ሁለቱን ሐይቆችና በዙሪያቸው ያለውን የግራር ደን የያዘ፣ 887 ካሬ ኪሎ ሜትር ስፋት ያለው፣ ከግማሽ በላዩም ውሃ የሆነ ብሔራዊ ፓርክ ተቋቋመ።

ይሁን እንጂ አብያታ መውጫ የሌለው የመጨረሻ ሐይቅ ነው። ከበላዩ የተቀዳው ሁሉ ከእርሱ ይጎድላል። በዝዋይ ዙሪያ መስኖ ተስፋፋ፤ በአዳማ ገበያ የምንገዛው ሽንኩርትና ቲማቲምም በከፊል የዚሁ ውሃ ፍሬ ነውና ገበሬውን ብቻ መውቀስ ፍትሕ አይመስለኝም። ከ1970ዎቹ መጨረሻ ወዲህ ደግሞ የሐይቁ ውሃ ራሱ በገንዳ እየተነነ ሶዳ አሽ ይመረትበት ጀመር። ፓርክ ተብሎ በተከለለ ስፍራ እንዲህ ያለ ሥራ መፈቀዱ፣ አንዱ መሥሪያ ቤት የሌላውን ውሳኔ ሳያዳምጥ እንደ ሠራ ያሳያል። የ1983ቱ የመንግሥት ለውጥ ሲመጣም ጥበቃው ላላና ግራሩ ለከሰልና ለእርሻ ተመነጠረ።

ሐይቁ እየሸሸ ሲሄድ ጨዋማነቱ በረታ፤ ቆሮሶውም ሊቋቋመው አልቻለም። ጥቃቅን አልጌ የሚመገበው ፍላሚንጎ አሁንም በዳርቻው ይታያል። ዓሣ ፈላጊው ፔሊካን ግን ከፍታውን ተሻግሮ ያገኘው የነበረውን ቀለብ ዝዋይ ድረስ መፈለግ ግድ ሆኖበታል። ትናንት ውሃ የነበረውም ዳርቻ ዛሬ ከብት የሚሻገረው ነጭ የሶዳ ሜዳ ነው።